በሴቶች ማረፊያ ክፍል ውስጥ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ በድንገት ታማ በሞተችው በእህቴ በዘሃራ ሰደቃ ቀን ነው። እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ለሰደቃው የተከራየነው አዳራሽ ድሮ ባቡር ጣቢያ ነበር። ባቡሩ ከቀረ ቆይቷል። ከጎን ያለችው ክፍል በር ላይ ግን «የሴቶች ማረፊያ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ያኔ ሴቶች ባቡር የሚጠብቁት ከወንዶች ተለይተው ነበር አሉ። እኛም ለቅሶ ላይ ለየብቻ ስለምንቀመጥ፣ ተመችቶኝ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ዱዓው አልቆ ምግብ ሲቀርብ ሳህን አዞር ነበር። አላለቀስኩም። ወንዶቹ «አይዞህ፣ ወንድ ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። በኋላ ግን እንባዬ ሊያመልጠኝ ደረሰ። ሴቶቹ ኪችን ውስጥ ወጥ ሲያሞቁ አይቼ ስለነበር፣ ክፍላቸው ባዶ ነው ብዬ ገባሁ። ከጣቢያው ዘመን የቀረ፣ መደገፊያው ረጅም የሆነ አግዳሚ ወንበር ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። እሱ ላይ ተጋደምኩ።

ወዲያው ሴቶቹ ገቡና በሩን ዘጉ።

«ኡፍ፣ ሙቀቱ! ሻሼን ልፍታው» አለች አንዷ።

ብነሳ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ላያቸው ነው። ጃኬቴን ፊቴ ላይ ጣልኩና ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ወንድሟን አያችሁት?» አለች ሌላዋ። «የሰርግ አሳላፊ እኮ ነው የሚመስለው። አንዲት እንባ!»

«እዚህ ያደገ ምን አንጀት አለው ብለሽ ነው?»

«ተይ እንጂ!» አሉ እትዬ ፋጡማ፣ ዋይትሆል ሰፈር የእህቴ ጎረቤት የነበሩት። «እሱ ሰው ፊት አያለቅስም። ሲከፋው መኪናው ውስጥ ገብቶ ይቆልፋል። ዘሃራ ናት ሻይ ይዛ ወርዳ መስኮቱን የምታንኳኳለት።»

ከእንግዲህ የሚያንኳኳ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ያፈንኩት ለቅሶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

ሴቶቹ «ኡኡ!» ብለው ጮኹ። ወንዶቹ ከአዳራሹ እየሮጡ መጡ። እትዬ ፋጡማ ሻሻቸውን ጣል አድርገው በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ።

«አይጥ ነው» አሉ። «ሂዱ፣ ብሉ።»

«ለአይጥ ነው እንዲህ?» እያሉ ወንዶቹ ስቀው ተመለሱ።

እትዬ ፋጡማ ጃኬቱን ከፊቴ ሳያነሱ አጠገቤ ተቀመጡ። «በል፣ እዚሁ ጨርስ» አሉኝ። «እንካ፣ ጠጣ» ብላ ውሃ ያስያዘችኝ፣ በድምፅዋ ያወቅኳት፣ የሰርግ አሳላፊ ያለችኝ ሴት ናት።

እነዚያን ሴቶች ሱቅ ሳገኛቸው መሬት መሬት አያለሁ። ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ በላይ የማፍረው ግን መስጊድ ስሄድ ነው። ወንዶቹ ዛሬም «የዘሃራ ወንድም ጠንካራ ነው፤ እንባ እንኳን አልወጣውም» ይላሉ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ምስጋናቸውን እቀበላለሁ።