ጎልፉ ይታያልና የኖራው መስመር

በእስቴ ወረዳ ከተማ መካነ ኢየሱስ ውስጥ «ይታያል የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የትኛው ይታያል?» ተብሎ መልሶ ይጠየቃል። «ጎልፉ» ካለ ግን ልጅ አዋቂው ጣቱን እሱ ወደሚያስተምርበት የእንጨት ሥራ ማሠልጠኛ ይቀስርለታል። ስሙ የወጣለት ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነው። በጎረምሳነቱ እዚያ በአንድ የጎልፍ ሜዳ የባለሀብቶችን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ይከተል ነበር። ጨዋታው ሲያበቃና ጥበቃው ፊቱን ሲያዞር ደግሞ ሣር ውስጥ የጠፉ ኳሶችን ፈልጎ እየመታ ራሱን አስተማረ። ከዚያ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ነው፦ ከወገብ ጀምሮ፣ በትከሻ አልፎ፣ ጆሮ ግንድ ላይ የሚያበቃ አመታት።

እስቴ ላይ ጎልፍ የለም፤ የገና ጨዋታ አለ። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከጠፍር የተገመደች ጥንግ፣ ሁለት ወገን፣ ሰፊ ሜዳ። ልዩነቱን ሲጠይቁት ይታያል «ጎልፍ ማለት ብቻህን የምትጫወተው ገና ነው፤ ቅልጥምህን የሚልህ ስለሌለ ትንሽ ይደብራል» ይላል።

መጀመሪያ ላይ ግን የጎልፍ አመሉ አስቸግሮት ነበር። ጥንጓን ይመታና እንደዚያ ሜዳ ሰዎች ቀጥ ብሎ ቆሞ መድረሻዋን ያያል።

«አመታቱስ አመታት ነው» ይላል ደምሌ፣ የሂሳብ መምህሩና የወረዳው የገና ቡድን ግብ ጠባቂ። «ከመታ በኋላ ግን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጥንጓን እንደ አውሮፕላን ይሸኛታል። እሱ ሸኝቶ እስኪጨርስ እኛ እንደበደባለን።»

ይህን አመል ያስተወው ምክር አይደለም፤ ቅልጥሙ ነው። ገና መታ ተደርጎ የሚሮጥበት ጨዋታ መሆኑን በቁስል ተማረ። ባለቤቱ የሻረግ የጤና ጣቢያ ነርስ ናትና ፋሻው አልጠፋም። ዓመታት አለፉ፤ ይታያልም ዳነ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ዳነ። አሁን ጥንጓን ከመታ ገደልም ትግባ ገደል ይከተላታል።

ባለፈው ዓመት የልደት ሰሞን የወረዳው ስፖርት ኃላፊ አቶ ዓለምነህ ቡድኑን ሰበሰቡ። ወፍራም፣ ንጹሕ ጫማ የሚወዱ፣ ንግግር የማያንዛዙ ሰው ናቸው።

«የገና ቡድናችን ከዞን አልፎ አያውቅም። ዘንድሮ ካለፋችሁ እሰየው። ካላለፋችሁ ለከርሞ ቡድኑ አይኖርም፤ ገበጣና ትግል ይበቃናል» አሉ።

ደምሌ ከኋላ «ገበጣስ ቅልጥም አያስመታም» አለ። ሰው ሳቀ፤ ይታያል አልሳቀም። እሱ ዓመቱን የሚቆጥረው በዚህ ቡድን ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ ወንበር ሲያስለካ የሚውለው ሰው ማታ ዱላውን ይዞ ሜዳ ሲወርድ ብቻ ነው ራሱን የሚያገኘው። ቡድኑ ከፈረሰ በዓመት አንድ ቀን፣ በልደት ብቻ የሚጫወት ተራ ሰው ሊሆን ነው።

ስለዚህ ከሥር ጀመረ፤ ከዱላው። ጥር ላይ ውኃው ከእንጨቱ ሲሸሽ አጎቱ ዘንድ ወርዶ ከእርሻቸው ድንበር ካለች ወይራ አንድ ቅርንጫፍ ለመነ። በእሳት የተቆለመመ ዱላ አይወድም፤ የእንጨቱ ጅማት ተሰብሮ ነው የሚታጠፈው፣ ጠንካራ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ከተፈጥሮው የቆለመመ ይሻላል። ያን ፈልጎ ሲያንጋጥጥ አንገቱ ደነዘዘ። አገኘው፤ ላጠው፣ በጥላ አደረቀው፣ በፍም ላይ እያመላለሰ ቅቤ አጠጣው፣ ከምድጃው በላይ ጭስ እንዲጠጣ ሰቀለው።

«ለኔ ፀጉር የጠፋው ቅቤ ለእንጨት ተገኘ?» አለች የሻረግ።

«አንቺ ቅቤ ሳትቀቢም ታምሪያለሽ። እሱ ግን ይሰነጠቃል።»

«ጥሩ ነው። ስትሰበር እሱ ያክምህ።»

ልምምዱ ከከተማው በታች ባለው የግጦሽ ሜዳ ነበር። ሁዳዴ ገብቷል፤ የገብስ ቆሎ በኪስ ይዘው ይሮጣሉ። አንድ ቀን ደምሌ የውድድሩን ደንብ ይዞ መጣና ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሜዳው በኖራ ይሰመራል፤ ጥንጓ መስመሩን ካለፈች ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ ጥንጓ ለሌላው ወገን ትሰጣለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተነሥተው መስመር በሌለው ሜዳ ላይ፣ ላም እየዞሩ፣ ቦይ እየዘለሉ፣ እንደ አባቶቻቸው ተጫወቱ። አገር ቤት ገና መስመር የለውም። የላይ ሰፈሮቹ ላዮች ጥንጓን ድልድዩ ካደረሱ፣ የታች ሰፈሮቹ ታቾች ወፍጮ ቤቱ ካደረሱ ያሸንፋሉ፤ በመካከል ያለው አገር በሙሉ ሜዳ ነው። ኖራ መግዛት ለማንም ትዝ አላለውም።

ከፋሲካ በኋላ ለዞኑ ውድድር ደብረ ታቦር ሄዱ። እንደ ምንም ተጋፍተው ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሱ፤ ከስማዳ ጋር። የስማዳ ከተማ የወገዳ ልጆች መንገዳቸው ጥሩ ስላልሆነ ይሁን አይታወቅም፣ ሲሮጡ ድንጋይ የሚዘሉ ይመስላሉ። ያሸነፈ ያልፋል። አቶ ዓለምነህ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። እኩል ለእኩል ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጥንጓ ይታያል እግር ሥር መጣች።

መታት። ከወገብ ዞሮ፣ ትከሻው አልፎ፣ ዱላው ጆሮው ላይ አረፈ። ጥንጓ ከሰው ራስ በላይ ሄደች፤ ግቡን ግን በጎን ሳተችና ኖራውን አልፋ ወደቀች። ስማዳዎች ቆሙ። ፊሽካው ጮኸ። ይታያል ፊሽካውን ሰማው፤ የተመልካች አድናቆት መሰለው። ሮጠ። መስመሩን ተሻገረ፣ በተመልካቹ መካከል ሰነጠቀ፣ የቡና ሻጯን ጀበና ዘለለ። ወደ ኋላው ቢያይ ግማሹ የእስቴ ቡድን ተከትሎታል።

«በለው! በርታ!» እያለ ደምሌ ሳይቀር ግቡን ጥሎ ይሮጣል።

ጥንጓን አንድ ጥድ ሥር ደረሱባት። ይታያል ደግሞ ገጭ አድርጎ ከሜዳው አጥር አጋጫትና ዱላውን ወደ ሰማይ አነሣ። አገር ቤት ቢሆን ይህ ድል ነው። ዞር ሲል ግን ዳኛው በሌላ ጥንግ ጨዋታውን አስጀምሮ፣ ስማዳዎች ባዶውን ግብ አግኝተው፣ እየተቃቀፉ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ አቶ ዓለምነህ እስከ አጋማሽ መንገድ ጫማቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

«ደንቡ ተነብቦላችሁ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ተነብቦልናል» አለ ይታያል።

«ታዲያ የት ነበር የምትሄዱት?»

«ጥንጓ ወደሄደችበት።»

«ጎልፍ ላይስ እንደዚህ ነው?»

«ጎልፍ ላይማ ሣር ውስጥ ብትገባም ከወደቀችበት ሄደው ነው የሚመቷት።»

አቶ ዓለምነህ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «መስመር የማያውቅ ቡድን ይዤ ከእንግዲህ የትም አልሄድም» አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። መስከረም ላይ የዓመቱ ስፖርቶች ሲነገሩ ገና አልነበረም።

ይታያል በክረምቱ ያዘነውን አዘነ፤ ከዚያ እንደ ባለሙያ አሰበ። በር ካልገጠመ ጫፉ ይላጋል እንጂ ቤቱ አይፈርስም። ችግሩ ደንብ አለማወቅ አይደለም፣ ደንቡን እግሩ አለማወቁ ነው። ግቢው ውስጥ በአመድ መስመር አሰመረ። ማታ ማታ ጨርቅ የጠቀለለባትን ጥንግ ይመታል፣ ይሮጣል፣ አመዱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። መጀመሪያ እግሩ እምቢ አለ። የሻረግ ልብስ እያሰጣች ታየዋለች።

«ዶሮዎቹ እንኳ አመዱን አይረግጡም። አንተ ብቻ ቀረህ» ትለዋለች።

ጥቅምትን ጨርሶ ኅዳር ሲገባ ነገሩ ለእግሩ ገባው። መስመር ካየ «ቁም» እንደተባለ ውሻ ቀጥ ይላል። ደስ ብሎት ቢሮ ሄደ።

«አቶ ዓለምነህ፣ አሁን እኮ መቆም ችያለሁ። መጥተው ቢያዩኝ?»

«ልጅ ይታያል፣ ሥራ አለብኝ» አሉ። «ስትቆም ለማየት ግቢህ ድረስ ልምጣ?»

እንዲህ እንዲህ ሲል ልደት ደረሰ። ስንዴው ታጭዷል፣ ሜዳው ባዶ ነው፣ ላዮቹና ታቾቹ ተሰልፈዋል። ይታያልና ደምሌ ላዮች ናቸው። አቶ ዓለምነህ ታች ሰፈር ነዋሪ በመሆናቸው ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው፣ ዱላ ተውሰው መጡ። በዚህ ቀን ኃላፊም ቄስም የለም። የፈለገ ሰው የፈለገውን አንተ ይለዋል፣ በግጥም ይሰድበዋል፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የተቆጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይሳቅበታል።

«ዓለምነህ፣ ያን ሆድ ለሁለት ሰው ነው ያስመዘገብኸው?» አለ ደምሌ ገና ሳይጀመር።

«ቁም ብቻ፣ አሳይሃለሁ» አሉ ኃላፊው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥንጓ አቶ ዓለምነህ ፊት ወደቀች። ዓይናቸውን ጨፍነው መቷት፤ እንዴት እንደሄደች እሳቸውም አያውቁም። ይታያል ቅርብ ነበር፤ ሁለቴ ቢራመድ ይደርስባት ነበር። ነገር ግን ሰሞኑን ተማሪዎች እግር ኳስ ሲጫወቱበት የተሰመረ ኖራ ሜዳው ላይ ቀርቶ ነበርና ጥንጓ እሱን ተሻገረች። የይታያል እግር ኖራውን አየ። ቆመ።

«ጎልፉ! ምን ሆንህ?» ጮኹ ላዮች።

አቶ ዓለምነህ በአጠገቡ እያለከለኩ አለፉ። ኖራውን ረገጡ፣ የገብስ ክምር ዞሩ፣ አንዲት ሴት ያሰጣችውን ብቅል ከመርገጥ ለጥቂት ተረፉ፤ ወርደው ወርደው ጥንጓን ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ አጋጯት። ታቾች አሸነፉ። አቶ ዓለምነህ ትከሻቸው ዱቄት ለብሶ በሰው ጫንቃ ላይ ተመለሱ፤ በአሸናፊ ወግም ግጥሙን ራሳቸው አወረዱት፦

«ቅቤ የጠጣ ዱላ እያሽከረከረ፣
ኖራ ሲያይ ጎልፉ ጉቶ ሆኖ ቀረ።»

ሳቁ ካለፈ በኋላ ወረዱና ጠጋ አሉት። «እውነት ግን ለምን ቆምህ? በእጅህ እኮ ነበረች።»

«መስመሩን አለፈች።»

«የምን መስመር?»

ይታያል የአቶ ዓለምነህን ጫማ አየ። ሌላውም ሰው አየ። ያ ንጹሕ ጫማ እስከ ተረከዙ ኖራ ነበር። ደምሌ ጊዜ አላባከነም፦

«መስመር አለፋችሁ ብሎ የፈረደ፣
እሱው ዘሎት ዛሬ ወፍጮ ቤት ወረደ።»

አቶ ዓለምነህ ፀሐይዋን አዩ፤ ገና አልጠለቀችም። መቆጣት አይቻልም። ጫማቸውን ደግመው አዩት፤ ከዚያ ሆዳቸው ቀድሞ መሳቅ ጀመረ።

«እኔ እኮ አላየሁትም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ፊሽካም ቢነፋ የምሰማ አይመስለኝም።»

«አውቃለሁ» አለ ይታያል። «አድናቆት ነው የሚመስልህ።»

ሰኞ ቢሮ አስጠሩት። ኃላፊውን አንተ ማለቱ በበዓሉ ቀርቷል።

«ጠርተውኛል?»

«ቡድኑ ለአንድ ዓመት ይቀጥል» አሉ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ግን ሜዳው ዓመቱን ሙሉ ይሰመር። ኖራውን እኔ አመጣለሁ። መስመሩን አንተ ታሰምራለህ፤ ጠማማ እንዳይሆን።»

ይታያልን ጠማማ አታስምር ማለት ስድብ ነበር፤ ግን ዋጠው። ከካስማ ካስማ ሲባጎ ወጥሮ፣ በማዕዘን መለኪያው አስተካክሎ፣ ላሞቹ ሳይወጡ በማለዳ ጨረሰው። በመጀመሪያው ልምምድ ደምሌ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ጥንጓ መስመሩን ስታልፍ ነፋ፤ ሁሉም ቆመ። ሊያዩ የመጡት አቶ ዓለምነህ ብቻ ከዳር ተነሥተው ጥቂት ሮጠው ነበር።

ማታ ይታያል ቤት ሲገባ የሻረግ መጥረጊያ ይዛ አመዱ ላይ ቆማለች።

«አሁንስ ግቢዬን ትመልስልኛለህ?»

«ጥረጊው» አላት። «ወይም ትንሽ ይቆይ። አቶ ዓለምነህ ነገ ማታ እመጣለሁ ብለዋል፤ ማንም እንዳያያቸው።»