ጋሼ ጆቴ ስለ ቀለህ ያሉት

ሳሊህ አዳማ ውስጥ «ቆራሌው!» እያለ አሮጌ ብረት መግዛት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆነው። የወሎ ሰው ነው፤ ወሬው ይጥማል፣ እጁ ይፈጥናል። ብረትና ነሐስ የሚለየው በመዶሻ ነው። አንዴ ቋ ያደርገውና ድምፁን ሰምቶ «ነሐስ!» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

ከአጥሩ ማዶ ጋሼ ጆቴ አሉ፤ የድሮ መድፈኛ። ዝምተኛ ናቸው፤ ግን ሰው ከጦር ሜዳ የተለቀመውን ሁሉ ቀለህ ሲል ከሰሙ አያስችላቸውም።

«ቀለህ ማለት ተተኩሶ ባዶ የቀረው ነው! አፉ ክፍት፣ ቂጡ ላይ የመሣሪያው መርፌ የወጋበት። ሌላው ቀለህ አይደለም።»

«እሺ መምህር፣ ፈተናው መቼ ነው?» ትላቸዋለች መሪማ፣ የሳሊህ ሚስት፣ እየሳቀች።

ባለፈው የካቲት ከደራ አንድ ጆንያ መጣ። የማረሻ ስባሪ፣ ድስት፣ የበር ማጠፊያ። ከሥር ክንድ የሚያህል፣ አፈር የበላው ነገር ወጣ።

«የመድፍ ቀለህ! ማሻአላህ!» አለ ሳሊህ፤ መዶሻውን አነሳ። መሪማ አጠገቡ ጎንበስ ብላ ድስቶቹን ትለያለች።

«ዲሲ! ተው! ተው ሳሊህ!»

ጋሼ ጆቴ ናቸው፤ በድንጋጤ ኦሮምኛው አምልጧቸው፣ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። የሳሊህ መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው ጋሼ? ነሐስ እኮ ነው።»

«አፉን እየው።»

አየ። የሾለ ብረት ደፍኖታል።

«ቂጡንስ?»

ሳይነካው ጎንበስ ብሎ አየ። ልሙጥ ነው፤ ምንም አልወጋውም።

«ታዲያ… ይሄ ምንድነው?»

«ያልተተኮሰ የመድፍ ጥይት። መዶሻህን ቀስ ብለህ አስቀምጥና ሚስትህን ይዘህ ውጣ።»

ፖሊስ ተጠራ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ ባለሙያዎች መጥተው ወሰዱት። መሪማ አስፋልቱ ዳር ቆማ አለቀሰች። ከዚያ የጋሼ ጆቴን እጅ ሳመች።

«ስንት ዓመት ሳቅንብዎት፤ አፉ ይበሉን።»

«ሳቁ እናንተ» አሉ አፍረው። «ብቻ ኑሩ።»

አሁን ጋሼ ጆቴ ወንበራቸውን ይዘው ካልመጡ ጆንያ አይፈታም። ሳሊህም ደራና ሁሩታ ሲሄድ ከመግዛቱ በፊት ገበሬውን ሰብስቦ ይናገራል፦

«ቀለህ ማለት ተተኩሶ ባዶ የቀረው ነው። የተደፈነ ካያችሁ ግን እንዳትነኩት፤ ለፖሊስ ንገሩ። እኔ ቀለህም ቢሆን አልገዛም።»

«አንተ ደግሞ ወታደር ነበርክ እንዴ?» ይሉታል።

«ኧረ የለም፤ ጎረቤቴ ናቸው» ይላል። «አላህ ያቆይልኝ።»