ሲመሽ የሚጠፋው ካሜራ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ደወለችልኝ። «ካሜራችን ቀን ደህና ነው፤ ሲመሽ ድርግም ይላል። መብራት ደግሞ አለ» አለችኝ። መሰላል መውጣት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴ መሰላል ገና ሲያይ ማጉረምረም ይጀምራል። አሁን ሶዶ ያለው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ማዘዝ ነው ሥራዬ። «አዳፕተሩን ተዪውና ካሜራው ዘንድ የሚደርሰውን ቮልት አስለኪ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ አልያዝ አለኝ። ሐሳቤ ቦዲቲ ሄዶ ቀረ።

ያኔ ከቴክኒክና ሙያ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። በአካባቢያችን ካሜራ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ ካሜራ የምታውቅ ሴት ደግሞ እኔ ብቻ መሆኔን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታም ሊገባ የደረሰበት ሰሞን ነው። ጊፋታ ሲቃረብ የቅቤ ሽታ ከሚኒባስ ወንበር እንኳ አይለቅም። ከሶዶ እስከ ቦዲቲ የአንዲት ሴትዮ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነው የተጓዝኩት። ሴትዮዋ ስትወርድ ማመስገኑ ቀርቶ «አቀለጥሽብኝ» ብላ ተቆጣችኝ።

የጠሩኝ እትዬ ሙሉ ነበሩ። አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ቦዲቲ የቀሩ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸውም በቦታው የዝንጅብል መጋዘን ነበራቸው። ካሜራውን ሌላ ሰው ሰቅሎላቸዋል። ቤት እንደገባሁ የተቀቀለ በቆሎ እሸት አቀረቡልኝና ስክሪኑ ፊት አስቀመጡኝ።

«እይው፤ ዓይንሽ ይፍረድ» አሉ።

የመጋዘኑ ካሜራ የቀረጸው ነበር። ሊመሽ ሲል ዘበኛው ጋሽ ዳና ጋቢያቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ካሜራው ፊት ይቆማሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ወዲያው ስክሪኑ ይጠቁራል። የማግስቱም እንደዚያው፤ የሌላውም ቀን እንደዚያው።

«ገመዱን እየነቀለው ነው» አሉ እትዬ ሙሉ። «ካሜራው ታውሮ ሲያድር ምን እንደሚሠራ እግዜር ይወቀው። አሰናብቼዋለሁ። አንቺ ደግሞ የሆነውን አይተሽ ሽማግሌ ፊት ትናገሪልኛለሽ።»

ነገሩ የሥራ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጋሽ ዳና ከጊፋታ በኋላ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። ወሬው እሳቸው የሚኖሩበት ሻንቶ ደርሶ የሙሽራው ወገኖች «እስቲ ነገሩ ይጣራ» ብለዋል። በእኛ አገር ሌባ የሚል ስም አንዴ ከተለጠፈ ለልጅ ይተርፋል። ልጅቷን አላውቃትም፤ ዕድሜያችን ግን አንድ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራ ጀመርኩ። ለካሜራው ኃይል የሚሰጠው አዳፕተር ያለው እቤት ውስጥ ነው፤ ለካሁት፣ ደህና ነው። መሰላል አስደግፌ መጋዘኑ ጣሪያ ሥር ወጣሁ። የገመዱ መገናኛ እንደተጠቀለለ ነው፤ አቧራ ለብሷል፤ ማንም አልነካውም። እዚያም ለካሁ። ኃይሉ ትንሽ ቢያንስም ካሜራው ይሠራል። ግራ ገባኝ። በሰው ፊት ግራ መጋባት ደግሞ ያኔ ከሞት የሚከፋብኝ ነገር ነበር።

ቀትር አለፍ ሲል የዳሞታ ተራራ ደመና እንደ ልማዱ መጣ። ግቢው ጨለመ። ካሜራው በጨለማ የሚያይባቸው ትናንሽ መብራቶች ቀላ ብለው በሩ፤ ቮልት መለኪያው ቴስተሬ ላይ ያለው ቁጥር ቁልቁል ወረደ፤ ከቤት ውስጥም «ጠፋ! ጠፋ!» የሚል የእትዬ ሙሉ ድምፅ ተሰማ። ደመናው ገለል ሲል «መጣ!» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ገመዱ ቀጭን ነው፤ ያውም ግቢውን ሙሉ አቋርጦ ነው የሚመጣው። ቀን ካሜራው ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ሲጨልም እነዚያን መብራቶች ያበራና ብዙ ይጠይቃል፤ ኃይሉ መንገድ ላይ እያለቀ አይደርስለትም፤ ይጠፋል። ጋሽ ዳና ደግሞ ሥራ የሚገቡት ልክ በዚያች ሰዓት ነው።

ፀሐይ ከደመናው ስትወጣ የእትዬ ሙሉን ነጠላ ተዋስኩና እሳቸው ስክሪኑን እያዩ ካሜራውን ሸፈንኩት። ጠፋ። ገለጥኩት፤ መጣ። ደግሜ እንድሸፍነው አዘዙኝ፤ ደገምኩት። ወደ ውጭ ሲወጡ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር።

«ታዲያ እጁን ለምን ያነሳል?» አሉ።

ይኼን ቴስተር አይለካውም። «ሄደን እንጠይቃቸው» አልኩ።

በባጃጅ ሻንቶ ሄድን። ጭቃው ሲይዘን ወርጄ የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ጫማዬ እዚያው ሊቀር ምንም አልቀረው። ጋሽ ዳናን ደጃፋቸው ላይ አገኘናቸው። ክፉ ቃል አልተናገሩም። አስገቡን፤ ትኩስ ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረቡልን። እትዬ ሙሉ ሳይነኩት ጠየቁ።

ጋሽ ዳና መልሱን ለእኔ ነገሩኝ፤ ወደ እትዬ ሙሉ ማየት የከበዳቸው ይመስለኛል። «እትዬ ውስጥ ሆነው በዚያ ካሜራ ያያሉ ብለው ነገሩኝ። ታዲያ ሰው እያየኝ እንዴት ዝም ብዬ አልፋለሁ? እጄን አንስቼ ሳሮ፣ ሰላም ነው፣ ገብቻለሁ፣ በሰላም እደሩ እላለሁ።»

«ለካሜራው?» አልኩ።

«ለእትዬ ነው እንጂ!» አሉ፤ የጠየቅኩት ነገር ራሱ ገርሟቸው።

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በዳጣው አሳበብኩ። እትዬ ሙሉም «ጋሽ ዳና፣ ሰላምታ የእግዜር ነው፤ እኔ ግን ሌባ ብዬ መለስኩልዎ። ይቅር ይበሉኝ» አሉ። አንተ ሲሏቸው የቆዩትን ሰው አንቱ ሲሉ የዚያን ቀን ሰማሁ። ከዚያም ተነስተው ሽማግሌ ሳይልኩ፣ በገዛ እግራቸው ሙሽራው ቤት ድረስ ሄደው የደረሰውን ሁሉ ተናገሩ።

አዳፕተሩን ወደ መጋዘኑ አዛውሬ ካሜራው አጠገብ አደረግኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ጠፍቶ አያውቅም። ጋሽ ዳናም ሥራቸው ላይ ተመለሱ፤ ሠርጉም ሳይፈርስ በጊዜው ሆነ።

ዛሬ ሶዶ ውስጥ ካሜራ የሌለበት ደጃፍ ጥቂት ነው፤ ብዙውን የሰቀልነው እኔና ልጆቼ ነን። እንጀራዬ ነውና ማማረር አይገባኝም። ሲመሽ ከሱቄ ሆኜ የሚያልፈውን ሰው አያለሁ፤ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፣ ሌላው ከነጭራሹ መታየቱን ረስቶታል። ጋሽ ዳና ካረፉ ቆይተዋል። እሳቸውን የመሰለ ሰው፣ እሱን የሚያየው ሁሉ ወዳጁ የሚመስለው ሰው ናፈቀኝ።