የታሰረ ቅጠል አይታለፍም

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ቢታ ገነት

ሾፌሩን «ኧረ በፈጠረህ እንሂድ!» እያልኩ ነዘነዝኩት። የእህቴ ልጅ ምሕረት ነገ ቦንጋ ጫካ ውስጥ ከውጭ አገር ሯጮች ጋር ትወዳደራለች። አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ውጭ ሄደው ይሮጣሉ። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ግን ለውድድር እንዲህ ቸኩዬ አላውቅም።

ረፋድ ላይ፣ ሺሺንዳ

ጉም፣ ጭቃ፣ የሙዝ ዘለላ፣ ትኩስ ቆጮ። ሾፌሩ እያኘከ፣ «ለሯጮቹ ውሃ በፕላስቲክ አይታደልም አሉ፤ ታዲያ በምን ሊጠጡ ነው?» አለኝ።

«በቀርከሃ ዋንጫ! ጫካችን እንዳይቆሽሽ ነዋ።»

«እሰይ! አሁን ገና ሰው መጣ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

እሑድ፣ ቦንጋ

ባለባጃጁ፣ ነጋዴው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ሁሉም መጨረሻው መስመር ላይ ተኮልኩሏል። ምሕረት እየመራች ጫካ ገባች። ስትወጣ ግን ሁለተኛ ነበረች፤ ያውም ማንም ባልጠበቀው በሰፊው መንገድ ዞራ!

ከአዲስ አበባ የመጣው አስተባባሪ እጁን አወናጨፈ። «መስመር ስተሻል። ተሰርዘሻል!»

«ቅጠል ታስሮ አየሁ» አለች እያለከለከች። «ታዲያ እንዴት ልለፍ?»

ለካስ አዘጋጆቹ ለመንገድ ምልክት ፕላስቲክ ላለመስቀል ብለው፣ የእንሰት ቅጠል እየቋጠሩ «በዚህ ግቡ» ብለው አስረዋል። የአገሩን ሰው አልጠየቁም! ንብ አናቢው ጋሽ ወልዴ ከሕዝቡ መሃል ወጡ።

«እኛ ዘንድ ቅጠል ከታሰረ ቀፎ አለ፣ ንቡን አትረብሹ፣ ተመለሱ ማለት ነው። ኧረ ማን እሰሩ አላችሁ?»

ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ዓይኔ ዳኞቹ ላይ ነበር። ዋና ዳኛዋ የውጭ አገር ሴት ናቸው፤ በአስተርጓሚ ጠየቁ።

«የዞረችበት መንገድ ይረዝማል?»

«በጣም እንጂ!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

ዳኛዋ ምሕረትን አተኩረው አዩዋት። «ውድድሩን እዚህ ያመጣነው ጫካው እንዳይነካ ነው። ለጫካው ብላ የዞረችን ልጅ አልሰርዝም። ሁለተኛ ናት።»

እልልታው! እንባዬ መጣ፣ ምን ላድርግ። ረጅሙን ዞራ ሁለተኛ! ጎኔ የቆመውን የማላውቀውን ሰውዬ፣ «የኔ ልጅ ናት፣ የእህቴ ልጅ!» እያልኩ ትከሻውን ደበደብኩት።

ሰኞ ጠዋት፣ ቦንጋ ጫካ

ወደ ቢታ ልንመለስ ስንል ምሕረት «ጋሼ፣ መጀመሪያ ጫካ እንግባ» አለችኝ። ቋጠሮው ካልተፈታ ቡና ለቃሚው ሁሉ ከደጅ ሊቀር ነው። እውነትም ሁለት ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ጫካው አፍ ላይ ቆመዋል፤ አልገቡም።

አስተባባሪውም መጥቶ አብሮን ፈታ። አፍሮ ነበር፤ ግን ይፈታል። ሴቶቹም ከኋላችን ገቡ።

አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ስንደርስ ቋጠሮ አየና እጁን ዘረጋ። ምሕረት ክንዱን ያዘችው፤ ወደ ላይ አሳየችው። ቅርንጫፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ንቡ ይጮሃል።

«ይሄኛው የእኛ ነው» አለችው።

ተመለስን።