ቆንጆ ያልኳት ሕፃን

ጠዋት ከምኖርበት ከቴንስታ የተነሳሁት ማይን ትምህርት ቤት ለማድረስ ነው። ማይ ከላኦስ ተራሮች በጋብቻ የመጣች የሞንግ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ባሏና አማቷ ጋ ሄሰልቢ ሰፈር ትኖራለች። የማኅበራችን ሴቶች ሮግስቬድ በሚባል ሰፈር በከፈቱት ክፍል የሞንግ እናቶች ከነልጆቻቸው መጥተው ስዊድንኛ ይማራሉ። አማትየው ስንቴ እምቢ ብለው፣ በስንት ልመና «እስቲ ዛሬን ትሞክር» አሉ። ዛሬ ከተበላሸ አለቀ።

ፍሪድሄምስፕላን ጣቢያ ላይ ወርጄ አረንጓዴውን የባቡር መስመር ያዝኩ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ዝናብ ተቀበለን።

ሄሰልቢ

አማትየው በሚጣበቅ ሩዝና በበርበሬ ተቀበሉኝ። የበርበሬው ማቃጠል! የኛ ሚጥሚጣ ምን አላት? ያኔ ማይ ሕፃኗን ይዛ ወጣች፤ ቆቧ ዙሪያውን አበባ ተጠልፎበታል።

«ውይ፣ ስታምር! የኔ ቆንጆ!»

አማትየው ልጅቷን ነጥቀው ቆቡን እስከ ቅንድቧ ሳቡት።

«እኛ ዘንድ ሕፃን አይሞገስም» አለች ማይ ቀስ ብላ በተሰባበረ ስዊድንኛዋ። «ክፉ መንፈስ ይሰማል። ጥልፉም አበባ መስላው እንዲያልፋት ነው።»

«የትም አትሄድም!» አሉ አማትየው።

ወይ ጉዴ! ጎጃም ያደግኩ ሴት፣ ይሄን እንዴት አጣሁት? እናቴ እትፍ እትፍ ሳትል የሰው ልጅ አታይም ነበር። ፈራሁ፤ ለማይም፣ እውነቱን ለመናገር ለሕፃኗም።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩና እትፍ እትፍ አልኩ። «ይህቺ ደግሞ ምኗ ያምራል? አስቀያሚ! አፍንጫዋ ራሱ ድፍጥጥ ያለ!»

አማትየው ትክ ብለው አዩኝ። «እናንተም አገር እንዲህ ነው?»

«እንዴታ!»

«ሂዱ በቃ። ልጅቷን ትኩሳት ቢይዛት ግን ሁለተኛ ደጄ አልይሽ።»

ወደ ሮግስቬድ

ባቡር ውስጥ ልጅቷ በአንቀልባዋ እንዳለች አስነጠሰች። ወዲያው እትፍ እትፍ አልኩ። አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ጎንበስ ብለው «እንዴት ታምራለች» ሊሉ ሲጀምሩ «አስቀያሚ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። ደንግጠው ቦታ ቀየሩ። ማይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ክፍል ውስጥ ማይ ስሟን ስትጽፍ እኔ የሕፃኗን ግንባር ስዳስስ ዋልኩ። ሸኝቻቸውም ጭንቀቱ አልለቀቀኝም።

ቴንስታ

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ፤ አማትየው ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ላስተምር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከእናቴ ስማር ነው የዋልኩት።

«አስቀያሚዋ…» አሉ።

«ምን ሆነች? እማማ፣ ምን ሆነች?»

«ጠግባ ተኝታለች። ነገ በጊዜ ነይ።»