ሰኞ ሰኞ የሚጠፋው ማሽንና ጋሽ መኮንን

የሳሙና ፋብሪካችንን ኮምፒዩተር ይጠግኑ የነበሩት አጎቴ ጋሽ መኮንን ካረፉ አንድ ወር አለፈ። ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ ልባቸው ደክሞ እንደ ሞቱ ሰምታችኋል። ዛሬ ሌላ ወሬ ይዣለሁ፤ ደስታዬንም አልደብቅም። ትናንት ስማቸው ነጻ ወጣ። አሻጥረኛ አልነበሩም።

ከጎፋ እስከ ለቡ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ? ምን ስታደርጉ?» ሳይሉ መፍቻ አያነሡም ነበር። አንድ የለቡ ገበሬ «ሐኪም እንኳ ይህን ያህል አልጠየቀኝም» ቢሏቸው፣ «ሬዲዮዎ ታሞ አፉ ተይዟል፤ እርስዎ ይናገሩለት እንጂ» አሉና ሳቁ። ዋጋ ሲጠየቁ «ዜና ስትሰሙ ለእኔም ንገሩኝ» ነበር መልሳቸው።

ኮምፒዩተሩ የምርት መዝገብ ነበር የሚይዘው። በኋላ ክፉ አመል አመጣ፤ ሥራ መሐል ስክሪኑ ይጨልማል፣ የተጻፈው ይበላሻል። ጋሼ የጥገና ፕሮግራም ራሳቸው ጻፉ። ከጎናቸው አስቀምጠውኝ እንዲህ አስረዱኝ፦ «ማሽኑ ውስጥ ብዙ ሣጥን አለ በይ። ፕሮግራሙ በየሣጥኑ ቁጥር ያኖራል፣ ተመልሶ ይጠይቃል። የተሰጠውን ያልመለሰ ሣጥን ታማሚ ነው። ዲስኩ ላይ የተጎዳ ቦታ ካገኘም ያጥረዋል፤ ዳግመኛ እዚያ አይጻፍም።»

«ታዲያ ዳነ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ቁስሉ ታሰረ እንጂ የሚያቆስለው መች ተያዘ» አሉኝ። ለዚህ ብለው ፕሮግራሙ በየደቂቃው ቀኑንና ሰዓቱን እንዲጽፍ አደረጉ። ማሽኑ ሲጠፋ የመጨረሻዋ ደቂቃ ተጽፋ ትቀራለች። «ከመክሰስሽ በፊት መዝግቢ» ይሉኝ ነበር።

የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ክፍሌ ግን መመዝገብ አላስፈለጋቸውም። ሰኞ ከሰዓት ሠራተኛው በሚሰበሰብበት የውይይት ክበብ ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው «ማሽን አድኃሪ አይሆንም፤ አድኃሪው ሰው ነው» አሉና «ማሽኑን በአሻጥር የሚያበላሸው ይኸው» ብለው አጎቴን በጣት አመለከቱ። አጎቴ «ጓድ፣ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ፤ ፕሮግራሙ የሚጽፈው ዝርዝር ይናገራል» ቢሉ አዳራሹ ሳቀ። የሳቃችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲያ እኚህ ሽማግሌ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ ሆኑ፤ እዚያው ወደቁ።

ትናንት ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ዕቃቸውን ልንረከብ ሄድን። ማሽኑ አጎቴ ከክፍሉ ከተነሡም በኋላ መጥፋቱን አልተወምና፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ አጣሪዎች ከበውታል። የመዝገብ ጸሐፊዋ ሰናይት «የጋሽ መኮንን ፕሮግራም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ማንም አልነካውም» አለችና ማሽኑ የጠፋባቸውን ሰዓቶች ዝርዝር አተመች። ወረቀቱ እየተንጫረረ ወጣ። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት። ሰኞ ዘጠኝ ከሩብ። ከላይ እስከ ታች ሰኞ። ከመስመሮቹ አንዱ አጎቴ አዳራሽ ቆመው የተከሰሱበት ቀንና ሰዓት ነው፤ እጃቸው ማሽኑ አጠገብ አልነበረም።

«ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ምን አለ?» አሉ የአጣሪዎቹ ሰብሳቢ።

«ውይይት ክበብ» አለች ሰናይት።

«ድምፅ ማጉያው መብራት ከየት ነው የሚወስደው?»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አቀርቅሮ «ከዚሁ ክፍል ነው። አዳራሹ ሶኬት ስለሌለው ጓድ ክፍሌ ሽቦ አስጎትተው ነው» አለ። ማጉያው ሲበራ የማሽኑ መብራት ይወርዳል፤ ማሽኑ ይጠፋል፣ ዲስኩም ይቆስላል።

ጓድ ክፍሌ «እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም» አሉ።

«ጋሽ መኮንንን ሲከሱ ግን የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበሩ» አለቻቸው ሰናይት። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። እትዬ ቆነጠጠችኝ፤ እሷም ግን ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ዛሬ ጠዋት ጓድ ክፍሌ ከኃላፊነት ተነሡ። ለእኔ አይበቃም። «ይቅር በይ፣ ልጅ ነሽ» የሚሉኝ አሉ። አጎቴ ካርቶን ሲሸከሙ አፋቸውን ዘግተው የቆሙ ሰዎች ስለ ይቅርታ ሊያስተምሩኝ አይችሉም።

ጋሼ፣ እርስዎ ቂም አያውቁም ነበር፤ እኔ አውቄልዎታለሁ። ከእንግዲህ ማንም በስምዎ አይስቅም። በሰላም ይረፉ።

እናንተ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ጎፋ እቤታቸው እንድትመጡ እትዬ አስካለ ጠርታችኋለች። ጓድ ክፍሌም ተጠርተዋል፤ እመጣለሁ ብለዋል። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው የሚያነቡልን እሳቸው ናቸው። የፊት ወንበር የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይምጣ።