ዘግይቶ የደረሰ መርዶ

ውትድርና ምን ጠቀመህ የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ጥርሴን አሳየዋለሁ። እውነቴን ነው። ጎባ እያለሁ ግማሹ በስብሶ ነበር፤ ያከመኝ ሠራዊቱ ነው፣ ያውም በነፃ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁትም እዚያ ነው፤ ዛሬ ሮቤ ላይ ባጃጅ የምነዳው በእሱ ነው። በየወሩ ደመወዝ፣ በየቀኑ ቀለብ። ከዚያ በፊት ፈተና ወድቄ ግድግዳ ተደግፌ የምውል ቦዘኔ ነበርኩ። ወታደር ስሆን አባቴ እንኳ አንቱ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

ጓደኛም ሰጥቶኛል። ከእኛው አካባቢ፣ የገሰራ ልጅ ነው። ማሰልጠኛ ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ነበርን። ኦሮምኛዬ ያስቀው ነበር። «አንተ በኦሮምኛ በግ ትገዛ እንደሆነ እንጂ ሰው አታናግርም» ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ጎባ ብወለድም ቤታችን የሚወራው አማርኛ ብቻ ነው።

ዓይኔ እያየ ሞተ። እኔም እግሬን ተመትቼ አጠገቡ ወድቄ ነበር። ከሆስፒታል ወጥቼ በቦርድ ስሰናበት ቤተሰቦቹ ገና ምንም አልሰሙም። መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ እንደሚነገር መቼ ጠፋኝ! ግን አብሬው በልቼ፣ አብሬው ተኝቼ፣ እናቱ ከሌላ ሰው አፍ እንዴት ይሰማሉ ብዬ ጠራራ ፀሐይ ላይ ብቻዬን ሄድኩ። አይ እኔ!

እናቱ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። በፈቃድ ስንመጣ እቤታቸው አድሬ ስለማውቅ እንደ ልጃቸው አዮ፣ እማዬ፣ ነው የምላቸው። ክራንቼን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ልጄስ?» አሉ በኦሮምኛ። አማርኛ ብዙም አይሰሙም።

መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁትን ቃል አወጣሁ። «ዱኤ» አልኩ፤ ሞተ ማለት ነው። ግን ሳግ ያዘኝና ቃሉ መሃል ላይ ተበላሸብኝ።

«ዱሌ?» አሉ። ዘመተ ማለት ነው። ፊታቸው ወዲያው በራ። «አልሃምዱሊላህ! ዘምቶ ነዋ ስልኩ እምቢ ያለኝ! እኔ ደግሞ ስንቱን አሰብኩ። ያንተ ኦሮምኛ እኮ ሰው ይገድላል!» ብለው ሳቁ።

ማረም ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። እሳቸው ግን ክንዴን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝና እርጎ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ከዚያ እኔው ራሴ «ዱሌ» አልኩ፣ ጥርት አድርጌ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኦሮምኛ የቀናኝ ጊዜ የለም። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

ቤት ውስጥ ታናሽ እህቱ ነበረች፤ ትምህርት ጨርሳ ሥራ ያጣች። ወታደር ልሁን ስትል እናቷ «መጀመሪያ የወንድምሽን ደህንነት ልስማ» ብለው ከልክለዋት ኖረዋል። እንግዲህ ሰሙ። ልጅቷ ፈጥና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ውትድርና ለሰው ምን ይጠቅማል?»

እናቷ ፈገግ ብለው እያዩኝ ነው። ምን ልበል? ስለ ሕክምናው ነገርኳት፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ መንጃ ፈቃዱ። አንዱም ውሸት አልነበረም፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። በሳምንቱ ተመዘገበች።

ነገ እሄዳለሁ ስል ወራት አለፉ። ባጃጄ ላይ የገሰራ ሰው ሲሳፈር ፊቴን እደብቃለሁ። ከጦር ክፍላችንም ወሬ የደረሳቸው አይመስለኝም። ልጅቷ ሥልጠናዋን ጨርሳ ወደ ግንባር መሄዷን ስሰማ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ፣ አንዱ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ በማለዳ እንደ ወጉ ገሰራ ገባን።

አዮ በሩን ከፍተው ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጅቷ ናት አይደል?» አሉኝ። «ወንዱማ ደህና ነው፤ አንተው ነግረኸኛል።»